አሥራ አንድ ሰከንድ

ቅዳሜ ማታ፣ ሐምሌ

ነጭ ልብስ አይፈቀድም። በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ስመዘገብ መጀመሪያ ከተነገሩኝ ነገሮች አንዱ ይሄ ነበር። በቴክሳስ ማረሚያ ቤቶች ታራሚዎቹ የሚለብሱት ነጭ ስለሆነ፣ ከውጭ የሚገባ ሰው እነሱን መምሰል የለበትም። እኔ ደግሞ የሐበሻ ልጅ ነኝ፤ የቁም ሣጥኔ ግማሽ ነጭ ነው። ዛሬም እንደ ሁልጊዜው ያቺኑ ሰማያዊ ሸሚዜን ለብሼ በጠዋት ከኦስቲን ወጣሁ።

ወደ ጌትስቪል ሁለት ሰዓት ገደማ ይነዳል። ትንሽ ከተማ ናት። ግን በዙሪያዋ ያሉት የሴቶች ማረሚያ ቤቶች ብዙ ናቸው። ስልኬን መኪና ውስጥ ትቼ፣ መታወቂያዬን ሰጥቼ፣ ተፈትሼ ገባሁ። ሙቀቱ አይነገርም።

ሥራችን ቀላል ነው። እናቲቱ ካመጣንላቸው የልጆች መጽሐፎች አንዱን ትመርጣለች። ከእኛ ካንዳችን ጋር ጥግ ይዛ ትቀመጥና ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኛ እንቀዳለን። ከዚያ መጽሐፉና ድምፁ በፖስታ ለልጇ ይላካል። ልጁ ገጹን እየገለጠ እናቱን ይሰማል። በቴክሳስ ይሄ ነገር በፈረንጆቹ ከ2003 ጀምሮ አለ፤ እንግሊዝ አገርም በዳርትሙር እስር ቤት ያሉ አባቶች እንዲሁ ለልጆቻቸው እየቀዱ ይልኩ ነበር። እናቲቱ ምን ሠርታ እንደገባች አንጠይቅም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሰሞን ለማወቅ ይቆጠቁጠኝ ነበር። አሁን ትዝም አይለኝ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እዚያ ደግሞ እናቶች አሉ እንዴ?» ብላኝ ታውቃለች። አሉ እንጂ! የፌዴራል መንግሥት በፈረንጆቹ 2016 ባደረገው ጥናት፣ በአሜሪካ የክፍለ ግዛት እስር ቤቶች ካሉት ሴቶች 58 በመቶዎቹ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አላቸው። ቴክሳስ ደግሞ ሰፊ ናት። ከኤል ፓሶ ተነስቶ እናቱን ለማየት የሚመጣ ልጅ፣ አንድ ሙሉ ቀን መኪና ውስጥ ነው። ማን ያመጣዋል? አያት ናት የምታሳድገው። የአያት ጉልበትና የአያት ቤንዚን እስከየት ድረስ ይሄዳል?

የዛሬዋ ሴት ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። መጽሐፉን እንደ ትሪ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ውሻ ያለበት መጽሐፍ ነው። ቁጭ አለችና ቀስ ብላ፣ «ማም፣ እኔ ማንበብ ብዙም አይሆንልኝም» አለችኝ። እዚያ ሴት ሁሉ «ማም»፣ እመቤቴ እንደማለት፣ ነው የምትባለው።

«ሥዕሉን እያየሽ በራስሽ አፍ ንገሪው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ስድስት ዓመቱ ነው። ማንበብ ጀምሯል። ያልተጻፈ ነገር ካልኩ ያውቅብኛል።»

ምን ላድርግ? የቄስ ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። የኔታ «ሀ» ሲሉ እኛ «ሀ»፣ እሳቸው «ሁ» ሲሉ እኛ «ሁ»። ያለፊደል መጽሐፍ እንኳ የወጣን ልጆች ነን። እኔ አንድ መስመር ላነብ፣ እሷ ተቀብላ ልትደግም ተስማማን። የእኔን ድምፅ በኋላ ቆርጬ አወጣዋለሁ።

ሁለት ገጽ እንደሄድን ሳቅ አፈናት። ለካ ቃሉን ብቻ ሳይሆን አነጋገሬንም አብራ እየደገመች ኖሯል! ምላሴ በጥርሶቼ መሃል ማረፍ ሲገባው «ዘ» ብዬ የማልፈውን ሁሉ እሷም «ዘ» ትላለች። «ልጄ፣ እማ የት አገር ከርማ መጣች ይላል» አለች እንባዋን እየጠረገች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ እኔ በሐበሻ አፍ አነብባለሁ፣ እሷ በቴክሳስ አፍ ታስተካክለዋለች። እስከ መጨረሻው ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ፈጀብን። ሌላ ሰው አራት ደቂቃ ይበቃው ነበር።

መጽሐፉ አለቀ። ቀጥሎ ለልጇ አጭር ሰላምታ ትላለች። እዚህ አገር እናትና ልጅ ሲለያዩ የሚባባሉት፣ ስለ አዞ የሆነ፣ ቤት የሚመታ ነገር አለ። ወደ አማርኛ ሲመለስ ቤቱ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ልተወው። እናት ግማሹን ትላለች፣ ልጅ ግማሹን ይመልሳል። እሷም ግማሿን አለች። ከዚያ ዝም።

የጨረሰች መስሎኝ እጄን ወደ መቅጃው ዘረጋሁ። መዳፏን አንስታ አስቆመችኝ። ዓይኗ መጽሐፉ ሽፋን ላይ ነው። ውጭ አንድ ጠባቂ ሲያልፍ ቁልፉ ይንኳኳል። እሷ አልተነቃነቀችም። ከቆይታ በኋላ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ሰው እንደመለሰላት ሁሉ። «እወድሃለሁ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አሁን አጥፊው።»

ቤት ገብቼ፣ እግሬን ታጥቤ፣ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ቀረጻውን የማጸዳው እኔ ነኝ። ሳሉን፣ የወንበሩን ሲጥሲጥታ፣ የበሩን ድምፅ አወጣለሁ። ዝምታም ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ነው የሚታየው። እንዲህ ያለውን ጠፍጣፋ መስመር አይቼ አላልፍም፤ ምልክት አድርጌ እቆርጠዋለሁ። ቀረጻው ይሰበሰባል፣ ይፈጥናል። ጎበዝ ነሽ ተብዬም አውቃለሁ።

ዛሬ መስመሩ ላይ ምልክት አደረግሁ። አሥራ አንድ ሰከንድ ይላል። ጣቴ ማጥፊያው ላይ ደርሶ ቆመ።

እናቴ ጅዳ የሄደችው እኔ ሰባት ዓመቴ ላይ ነው። ለመሄጃው ስሟን እንኳ ቀይራ፣ ፓስፖርቷ ላይ ዘሃራ ሆና ነበር የወጣችው። ያኔ ኮምቦልቻ የእኛ ሰፈር ስልክ ያለው ቤት አንድ ነበር። ስለዚህ ካሴት ነበር የምትልክልን። መንገደኛ ይዞት ይመጣል፤ አያቴ ጎረቤቱን ትጠራለች፤ ቡናው ይፈላል፤ ያቺ ባለ አንድ ስፒከር ናሽናል ቴፕ መሃል ትቀመጣለች። ለአዋቂዎቹ የሚለው መጀመሪያ ነው። ሰላምታ፣ የገንዘብ ጉዳይ፣ የታመመ ሰው። የካሴቱ ጀርባ የእኔ ነበር። አንዳንዴ መሃል ላይ «ቀጭ» ይልና ይቋረጣል። ማዳሟ ጠርታት ነው፣ ወይ አልቅሳ ነው። የትኛው እንደሆነ ቀጥሎ ከሚመጣው ድምፅ እለየው ነበር። ክሩ ሲላላ በቢክ እስክሪብቶ እየጠመዘዝኩ ስንት ጊዜ ሰማሁት!

ከሁሉም ግን ተረቱ ነው። «ተረት ተረት» ትላለች። ከዚያ ዝም ትላለች። የማቀዝቀዣ ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ እምምም የሚል። እኔ ቴፑ ላይ አፌን ደቅኜ፣ በሙሉ ጉሮሮዬ፣ «የላም በረት!» እላለሁ። ያኔ ነው ተረቱን የምትጀምረው። እኔ ካልመለስኩ የማትጀምር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እልህ ይዞኝ ዝም ብዬ ጠበቅኋት። እሷ ጀመረች። በጣም ነበር ያለቀስኩት። አያቴ ምን እንደሆንኩ ግራ ገባት።

እንግዲህ ይህንን እያወቅሁ ነው፣ ካለፈው መስከረም ጀምሮ፣ የሰው እናት ዝምታ ስቆርጥ የከረምኩት። አንዷ ትዝ አለችኝ። ከመጽሐፉ በፊት ሴት ልጇን «ጥርስሽን ፋቅሽ? ፀጉርሽን ማን ሠራሽ? አያትሽን ታግዣለሽ?» እያለች ትጠይቅ ነበር፤ በየመሃሉ ቆም እያለች። ደንግጣ፣ የምትለው ጠፍቷት መስሎኝ ነበር። ሁሉንም ጨመቅሁት። ሲዲው ላይ ጥያቄዎቹ እንደ ፖሊስ ምርመራ ተከታትለው ነው የወጡት። ዋናውን ቀረጻ ባስቀምጠው ኖሮ ዛሬ ማታ መልሼ እሠራው ነበር። ቦታ እንዳይዝ ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ምን ያህል ቦታ ሊይዝ!

አሥራ አንዱን ሰከንድ ተውኩት። የጠባቂውን ቁልፍ ግን አወጣሁ። እሱን ልጁ ባይሰማው ይሻላል ብዬ ነው፤ ልክ ልሁን አልሁን እንጃ። ሳቋንም ትንሽ ተውኩለት። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የእኔ «ዘ» ሳላየው አብሮ ቀርቷል። ሁለት ጊዜ ሰማሁትና ዝም አልኩ።

ሰዓቱን ሳይ ከምሽቱ አራት ሆኗል። ኮምቦልቻ እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ደወልኩ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትል ደረስኩባት።

«ምነው በደኅና ነው በዚህ ሰዓት?»

«ደኅና ነኝ እማዬ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ጅዳ ሆነሽ ካሴት ስትቀጂልኝ፣ ‹ተረት ተረት› ካልሽ በኋላ ትጠብቂኝ አልነበር? ያን ያህል ዝም የምትዪው እንዴት አድርገሽ ነው? ትቆጥሪ ነበር?»

ትንሽ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ምን እቆጥራለሁ» አለች። «‹የላም በረት› እያልኩ በሆዴ እመልስልሻለሁ። አንቺ ደግሞ ምላስሽ ቶሎ አይፈታም ነበር፤ ሁለቴ ነበር የምመልስልሽ። በይ አሁን ቅዳሴው ሊያመልጠኝ ነው።»