«ስትደርስ ትከፍላለህ»

«አሁን አምስት ሳንቲም አታወጣም፤ ስትደርስ ሠርተህ ትከፍላለህ።» ከድሬዳዋ ሳቢያንም ሆነ ከሐረር ሸዋ በር ወጣቱን ነቅሎ ወደ ዐረብ አገር ስደት የሚወስደው ብዙ ጊዜ ይኼ የደላላ ቃል ነው። ተናጋሪውም ባዕድ አይደለም፤ አብሮ አደግ ወይም የአክስት ልጅ ነው። «ከማታውቁት ሰው ተጠንቀቁ» የሚለው ምክራችን ለዚህ ነው ያልሠራው።

መንገዱ በደወሌ ጅቡቲ ገብቶ ከኦቦክ ወደብ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራል። ሌላው በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌ አድርጎ እስከ ሶማሊያዋ የወደብ ከተማ ቦሳሶ ይዘልቃል። በየመገናኛው አንዱ ደላላ ተጓዡን ለሌላው ሲያስረክብ ወጪውን ከነትርፉ ይቀበላል። ዕዳው እንዲህ ያብጣል፤ ልጁ ግን ስንት እንደደረሰ የሚሰማው የመን ዳርቻ ላይ ሲታገት ነው። ያኔ ድሬ ያለች እናት ስልክ ይደወልላታል፤ ልጇ ሲደበደብ ድምፁን እንድትሰማ ይደረጋል።

«ወዶ አይደል የሄደው?» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ድንበር ማሻገርና በሰው መነገድ ሁለት ወንጀሎች ናቸው፤ ማሻገር ተብሎ የተጀመረው ግን ጉዞው ላይ ወደ ሁለተኛው ሊለወጥ ይችላል። በሰው መነገድን የሚከለክለው የ2000 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት፣ የፓሌርሞ ፕሮቶኮልም፣ የእኛው አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም በማታለል ወይም በማስገደድ የተገኘን ፈቃድ እንደ ፈቃድ አይቆጥሩም። ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ለብዝበዛ መመልመል ደግሞ ማታለል ባይኖርበትም ወንጀል ነው። ለዚህ ድንበር መሻገር አያስፈልግም። «አስተምራታለሁ» ተብላ ከሐረርጌ ገጠር መጥታ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ያለ ደመወዝ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የምትሠራ የ12 ዓመት ልጅም በዚሁ ሕግ ትታያለች። ይህን ብዙዎቻችን አይተን እናልፋለን፤ በጣም ያሳዝነኛል።

በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ ያሰበ ሰው ደላላውን የሚፈትንበት ነገር አለው። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ የሠራተኛው አይደለም። ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራና ለመሳሰሉት የግሉ ሰነዶች ነው። የቪዛ ብር የጠየቀ ሰው ሕገወጥ መሆኑ ከዚያው ይታወቃል። ቪዛው የጉብኝት ወይም የዑምራ ከሆነ በእሱ መሥራት አይቻልም፤ «እዚያ ስትደርሺ ይቀየርልሻል» ከተባለ መተው ነው። ውሉን ሳያነቡ አለመፈረም፤ የአሠሪው ስም፣ ከተማውና ደመወዙ ያሉበትን ገጽ ከፓስፖርቱ ጋር ፎቶ አንስቶ ቤት ማስቀመጥ።

የቤዛው ስልክ ከመጣ በኋላ ቤተሰብ በድንጋጤ የሚያጠፋው ማስረጃውን ነው። ይከፈል አይከፈል የሚለውን ከሩቅ ሆኖ መፍረድ አይቻልም፤ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን መጻፍ፣ የድምፅ መልእክቱን አለማጥፋት ግን ይቻላል። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚገባው አገር ውስጥ ባለ ሰው የባንክ ሒሳብ ነው። የመን ያለውን አጋች መያዝ ባይቻል እንኳ የሒሳቡ ባለቤት እዚሁ ነው፤ መርማሪም ክሩን የሚመዘው ከዚያ ነው። ጉዳዩ የሚበላሸው ደላላው ሽማግሌ ልኮ ግማሹን ብር ሲመልስና ቤተሰቡ ዝም ሲል ነው፤ ደረሰኙ ይቀደዳል፣ ምስክር ይጠፋል፣ ደላላው በሳምንቱ የሌላ ሰው በር ያንኳኳል። ሽማግሌው ከመግባቱ በፊት ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል።