በግራ ረድፍ፣ በጨለማ፣ 70 ኪሎ ሜትር

አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። አዋሽን አልፌ አፋር በረሃ ላይ ግመል እያሳለፍኩ ተጉዣለሁ። ዓባይ በረሃን በጭጋግ ወርጄ ወጥቻለሁ። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ለሥልጠና ናሚቢያ ሄጄ፣ ኬንያዊቷ የሥራ ባልደረባዬ "ሥልጠናው ሲያልቅ መኪና ተከራይተን ኢቶሻ ፓርክ ብንሄድስ?" ስትለኝ፣ ሳላመነታ እሺ አልኩ። መንዳት የምችል ሰው የትም አገር እነዳለሁ ብዬ አምን ነበር።

ለሥራም ለጉብኝትም ወደ ኬንያ፣ ደቡብ አፍሪካ ወይም ናሚቢያ የምትሄዱ ካላችሁ ይሄን አንብቡት። ሦስቱም አገር የሚነዳው በግራ ነው።

መጀመሪያ ስለ ኪራዩ ልንገራችሁ። እኔን የያዘኝ መንጃ ፈቃድ አልነበረም። የኛ መንጃ ፈቃድ እንግሊዝኛም ስላለበት አገላብጠው አይተው ተቀበሉኝ። ያም ሆኖ ከመሄዳችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ኪራይ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እኔን የያዘኝ ካርዱ ነው። እኔ ያለኝ ባንክ ለጉዞ ዶላር የሞላልኝ ካርድ ነበር። እነሱ የሚፈልጉት ደግሞ ክሬዲት ካርድ ነው። መኪናው ቢጎዳ የሚቆርጡትን ገንዘብ ካርዱ ላይ አስቀድመው ያግዱታል። አስቀድሞ በተሞላ ካርድ አይሆንም አሉኝ። ለመንኳቸው፣ አልሆነም። ዋናው ሹፌር ካርዱ በስሙ ያለ ሰው መሆን አለበት። ባልደረባዬ ክሬዲት ካርድ ስለነበራት እሷ ዋና ሹፌር ሆና ተመዘገበች። እኔ ትንሽ ተጨማሪ ተከፍሎልኝ ሁለተኛ ሹፌር ሆንኩ። ውሉ ላይ ስሙ የሌለ ሰው መሪ ከነካ ኢንሹራንሱ አይሠራም። "ትንሽ ልያዝልሽ" ብሎ መቀበል የለም።

የመረጥነው አነስተኛዋን ፖሎ ነው፤ ዋጋዋ ይቀንስ ነበር። መንገዱ እስከ ፓርኩ ድረስ አስፋልት ስለሆነ ትበቃናለች አልን። ለአስፋልቱ በእርግጥም ትበቃ ነበር።

መኪናዋን ያስረከቡን ሸበቶ ሰውዬ ጠንቃቃ ነበሩ። ጭረቱን ሁሉ አብረውን አዩ፤ እኔም ዙሪያዋን በስልኬ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ስኮርታ ጎማውንና ክሪኩን አውጥተው አሳዩን። ከዚያ ውሉን ገልጠው አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ከከተማ ውጭ፣ ጸሐይ ከጠለቀች በኋላ ለሚደርስ አደጋ ኢንሹራንሱ አይከፍልም ይላል። "ጸሐይ ሳትጠልቅ ግቡ። የማትደርሱ ከሆነ የደረሳችሁበት እደሩ" አሉን። ሰማናቸው። ፈረምንም። እኔ ግን ነገሩን እንደ ወረቀት ሥራ ነው የወሰድኩት። ኪራይ ቤቱ ገንዘቡን ለመጠበቅ ያስገባው አንቀጽ መሰለኝ።

ከዋና ከተማዋ ከዊንድሁክ እስከ ኦካኩዌዮ፣ ፓርኩ ውስጥ አልጋ እስከያዝንበት ካምፕ፣ 435 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ብንወጣ 11 ሰዓት ላይ እንገባለን ብለን አስበን ነበር። የሥልጠናው መዝጊያ ግን ረዘመ። ንግግር ነበር፣ ሰርተፊኬት ነበር፣ ፎቶ ነበር። ከተማውን ለቀን ስንወጣ 9 ሰዓት ሆኗል።

መጀመሪያ የነዳችው እሷ ናት። ኬንያም በግራ ስለሚነዳ ለእሷ እንደ ቤቷ ነው። እኔ ጠዋት ኪራይ ቤቱ ግቢ ውስጥ ስለማመድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ማርሹ በግራ እጅ ነው፤ ቀኝ እጄ ግን ማርሽ ፍለጋ በሩን ይመታል። ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ነዳጅ ቦታቸው አልተቀየረም፣ እሱ እግዚአብሔር ይስጠው። አደባባይ የሚዞረው በኛ ተቃራኒ ነው። መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ የምታዩት ወደ ቀኝ ነው። ሰው መንገድ ሲያመለክታችሁ "ሮቦቱ ጋ ታጠፉ" ቢላችሁ ትራፊክ መብራቱን ማለቱ ነው። ባልደረባዬ ያስተማረችኝ አንድ ነገር ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ። "ሹፌሩ ሁልጊዜ የሚቀመጠው በመንገዱ መሃል በኩል ነው። አንተ ወደ ዳር ከወጣህ ተሳስተሃል ማለት ነው" አለችኝ። በቀን፣ ቀስ ተብሎ ሲነዳ፣ ይህቺ ብቻ ትበቃለች።

ኦካሃንጃ ላይ ከእንጨት የተጠረቡ ቅርጻ ቅርጾች የሚሸጡበት ገበያ አለ። ቆምን። መቆም አልነበረብንም፤ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ኦቺዋሮንጎ ስንገባ ምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን ነው። በዚያ ወር እዚያ ቀኑ የሚያጥርበት የብርድ ወቅት ነው፤ ጸሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። እኛ ጋ ሰኔ ላይ 12 ተኩልም ብርሃን ስላለ፣ ልቤ ገና ጊዜ አለ ይለኛል። የኢቶሻ በር ደግሞ ጸሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። ሰዓቱን በሩ ላይ ይለጥፋሉ። ከኦቺዋሮንጎ እስከ በሩ ገና 170 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ሊደረስ አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ባልደረባዬ "እዚሁ እንደር" አለች። ነዳጅ የሚቀዳልን ልጅም የት እንደምንሄድ ጠይቆ ራሱን ነቀነቀ። "ኩዱ አለ፣ ብዙ ኩዱ አለ" አለን። እኔ ግን የከፈልንበት አልጋ አሳዘነኝ። ቢያንስ 70 ኪሎ ሜትር ላይ ወዳለችው ኦውቾ እንጠጋ፣ ምናልባትም በሩ ጋ ደርሰን እንለምናቸዋለን አልኩ። አገር ቤት ለምነን የማናስከፍተው በር የለም። በዚያ ላይ እሷ ሦስት ሰዓት ነድታ ደክሟታል ብዬ መሪውን ተቀበልኳት። አሁን ሳስበው ሁለቱም ውሳኔ የተገላቢጦሽ ነበር። ማደር ነበረብን። የግድ መሄድ ካለብን ደግሞ በጨለማ መንዳት የነበረባት በግራ መንዳት የለመደችው እሷ ነበረች። ቀኑን እኔ ብይዝ፣ ምሽቱን እሷ ብትይዝ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

ከከተማው ከወጣን ከሩብ ሰዓት በኋላ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። የመንገድ መብራት የለም። ቤት የለም። የኛ አገር መንገድ በሌሊትም ሰው አያጣም፤ አንዱ ባትሪ ይዞ ይሄዳል፣ አንዱ ከብት ይነዳል፣ ከሩቅ የገጠር ከተማ መብራት ይታያል። እዚያ ግን በግራም በቀኝም አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ቁጥቋጦ፣ ከላይ ኮከብ ብቻ ነው። አስፋልቱ ቀጥ ያለና ንጹሕ ስለሆነ እግር ሳይታወቅ ነዳጅ ላይ ይከብዳል። የተፈቀደው 120 ነው። እኔ 100 ላይ ነበርኩ፤ ለራሴ ቀስ ብዬ የምነዳ መስሎኛል።

ከፊት ለፊት አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መጣ። አጭር መብራት አደረግን፣ እሱም እኛም። ተላለፍን። ዓይኔ ከመብራቱ ገና ሳይመለስ ባልደረባዬ ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። መንገዱ ላይ፣ በኛው ረድፍ፣ አንድ ወንድ አጋዘን ቆሟል። ኩዱ የሚሉት የኛኑ አጋዘን ነው፤ ያ ቀንዱ እየተጠማዘዘ የሚወጣው። ግራጫ ስለሆነ ከአስፋልቱ አይለይም። መጀመሪያ ያየሁት ዓይኑን ነው።

ፍሬን ያዝኩ። እጄ ደግሞ መሪውን ወደ ቀኝ ማዞር ጀመረ።

ይሄን ቆም ብላችሁ አስቡልኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አደጋ ሲመጣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ዳር ነው የምወጣው። እጄ የሚያውቀው እሱን ነው። ናሚቢያ ውስጥ ግን ቀኙ ዳር አይደለም፤ ከፊት የሚመጣ መኪና ረድፍ ነው። ሦስት ሰዓት ተቀምጬ በግራ ሲነዳ ማየቴም፣ ግቢ ውስጥ መለማመዴም፣ "ሹፌሩ በመሃል በኩል ነው" የሚለውም ምክር በዚያች ቅጽበት አንዳቸውም አልነበሩም። ሰው ሲደነግጥ ወደ አገሩ ነው የሚመለሰው። ያዳነን የባልደረባዬ ጩኸት ነው። "አትጠምዝዘው! ቀጥ አድርገህ ያዝ!" አለች። መሪውን መለስኩት፣ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጥኩት። እግሬ ሥር ፍሬኑ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። በእኛና በአጋዘኑ መካከል የቀረው ሁለት የመኪና ርዝመት ቢሆን ነው።

እሱ አልሄደም። መብራቱ አፍዝዞታል። ረጅሙን መብራት ለካ አብርቼዋለሁ፤ ወደ አጭር ስመልሰው ራሱን ነቀነቀና በቁሙ ተነስቶ አጥሩን ዘለለ። ሰው የሚያህል አጥር ነው፤ እንደ ቀልድ አለፈው። ልንነሳ ስል ባልደረባዬ እጄን ያዘችኝ። "ቆይ፣ ብቻውን አይሄድም" አለች። እውነቷን ነው። ሁለት ሴት አጋዘኖች ከግራ ጨለማ ወጥተው በኮፈናችን ፊት ተሻገሩ።

በኋላ ስረጋጋ ሒሳቡን አሰብኩት። በአጭር መብራት ጥርት ብሎ የሚታየው ወደ 50 ሜትር ቢሆን ነው። በ120 የሚሄድ መኪና፣ ሹፌሩ እስኪነቃ ያለው ጨምሮ፣ ለመቆም ከመቶ ሜትር በላይ ይፈልጋል። ማለትም አጋዘኑን ስታዩት ጊዜው አልፏል፤ የምትመቱት ውሳኔ ሳትሰጡ ነው። በ60 ስትነዱ ግን በምታዩት ርቀት ውስጥ መቆም ትችላላችሁ። ወንዱ አጋዘን ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ እግሩ ረጅም ነው። እንደኛዋ ያለች አጭር መኪና እግሩን ትመታዋለች፣ ገላው የሚመጣው በፊት መስታወት በኩል ሹፌሩ ላይ ነው። ለማምለጥ መሪ መጠምዘዝም አያዋጣም፤ በዚያ ፍጥነት መኪናውን የሚገለብጠው እሱ ነው። ሰውዬው ውሉ ላይ ያሳዩን መስመር ለገንዘብ ብቻ የተጻፈ አልነበረም።

ቦታ ተቀያየርን። እሷ በ60 ነዳች፣ እኔ ሥራዬ ዳር ዳሩን ማየት ሆነ። ፊት ለፊት መኪና በሌለ ጊዜ ረጅም መብራት፣ ሲመጣ አጭር። ዓይናችንን ከሚመጣው መብራት ላይ አንስተን ወደ ግራ ጠርዙ መስመር። የፊት መስታወቱን ከውስጥ በኩል ጨርቅ ፈልጌ ጠረግኩት፤ ከውስጥ ያለው ጉም ነው ለካ መብራት ሲያርፍበት የሚያሳውረው። የዳሽቦርዱን መብራት ቀነስን። ሙዚቃውን አጠፋን። የቀረውን መንገድ አንድ ሰዓት ፈጀብን፤ በየመሃሉ የሚያበራ ዓይን አየን፣ ሲበራ እንቆም ነበር። ኦውቾ ገብተን በመጀመሪያ ያገኘነው እንግዳ ማረፊያ አልጋ ያዝን። ባለቤቷ ሾርባ አሞቀችልን። ከየት እንደመጣን ስንነግራት ምንም አላለችም፤ ወጥታ የመኪናችንን ፊት አይታ ተመለሰች።

ጠዋት በብርሃን ስናየው ነገሩ ግልጽ ነው። ዝናብ ከአስፋልቱ ላይ የሚወርደው ወደ ዳር ስለሆነ፣ ደረቁ ወራት ላይ እንኳ ሳር ያለው መንገዱ ዳር ነው። ከርከሮዎች በጉልበታቸው ተንበርክከው ይግጣሉ። እንስሳቱ ወደ መንገዱ የሚመጡት ለመብል ነው፤ ጨለማ ሲሆን ደግሞ አይፈሩም።

በቀሪዎቹ ቀናት ስልኬ ላይ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የሚጮህ ደወል ሞላሁ። ደወሉ ሲጮህ የትም ብንሆን ወደ ማረፊያችን እንዞራለን። ካርታው "ሁለት ሰዓት ይቀራል" ሲለኝ ሦስት ብዬ እቆጥራለሁ። ካርታ ገበያ ላይ የምትቆሙትን፣ ነዳጅ የምትቀዱትን፣ ኬላ ላይ ፖሊስ መንጃ ፈቃድ የሚያይበትን አይቆጥርም። ያልደረስንበት ቀን የሚሆን የአንድ አዳር ብርም ከሌላው ገንዘብ ለይቼ ያዝኩ። ያንን ምሽት የነዳሁት አልጋው ስለቆጨኝ ነውና።

ኦካኩዌዮ ካምፕ አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚበራበት የውሃ ኩሬ አለ። ቅዳሜ ማታ ብርዱን በብርድ ልብስ ተከላክለን ከዝቅተኛው ግንብ ኋላ ተቀመጥን። አውራሪስ መጣ፣ ጠጥቶ ሄደ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከጨለማው ውስጥ አንድ ወንድ አጋዘን ቀስ እያለ ወጣ። ሁለት ርምጃ ይራመድና ጆሮውን ያቆማል፣ ደግሞ ሁለት ርምጃ። ውሃው ጫፍ ደርሶ ሲቆም ለካሁት፤ ትከሻው ከፖሏችን ጣሪያ እኩል ይደርሳል። ባልደረባዬን ዞር ብዬ አየኋት። እሷም እየለካችው ነበር።