የእርጎ ነጋዴው ፕሬዚዳንት

“ነጋዴ ይምራን” የሚል ሰው ከሱቄ ጠፍቶ አያውቅም። ሐምሌ መጥቶ የግብር ነገር ሲነሳማ ይብሳል። “ደመወዝ ከኪሱ ከፍሎ የሚያውቅ ሰው ሥልጣን ላይ ቢወጣ አገር ትስተካከል ነበር” ይላሉ፣ ማኪያቷቸውን እያማሰሉ። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2013 ፓርላማ ለመግባት ማሰቡን የተናገረ ጊዜ ሜክሲኮ አካባቢ ሰው ሁሉ ካቢኔ ሲያዋቅር ነበር የሰነበተው። በኋላ ኃይሌ ሐሳቡን ተወው፤ ወሬውም እዚያው ቀረ።

እኔ ግን ይህ ጨዋታ በተነሳ ቁጥር የሚመጣብኝ ማርክ ራቫሎማናና ነው፤ የማዳጋስካሩ የቀድሞ ፕሬዚዳንት። (ከዚህ በታች ስለ ማዳጋስካር የማነሳቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ምክንያቴ ቀላል ነው፤ ሥራችን አንድ ነው። ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር በሚወስደው በኩል ትንሽ የወተትና የእርጎ ሱቅ አለችኝ። ሰውየውም የጀመረው በእርጎ ነው። በ1949 ከዋና ከተማዋ ከአንታናናሪቮ ብዙም በማትርቅ ኢመሪንካሲኒና በምትባል የገበሬ መንደር ተወለደ፤ ቤት ውስጥ የተሠራ እርጎ በብስክሌት እያዞረ ሸጠ። ኋላ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኑ ድጋፍ ከዓለም ባንክ ብድር አገኘና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካ ከፈተ። ቲኮ ይባላል ድርጅቱ።

ይህን ሳነብ ከብድሩ ይልቅ ብስክሌቱ ነው የገረመኝ። እርጎ በብስክሌት! የእርጎን ጠባይ የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለው ይሆናል። ከሱሉልታ ወተት ሲመጣልኝ ገና አልነጋም። የጀሪካኑን ክዳን ከፍቼ አሸታለሁ። ከዚያ በትንሽ ብረት ድስት ጥቂት አፈላለሁ፤ ከቋጠረ ወተቱ ያደረ ነው፣ ወደመጣበት ይመለሳል። ካልቋጠረ ሙሉው ይፈላል፣ ጣት እስኪያስችል ይበርዳል፣ ከትናንቱ እርጎ ማንኪያ ሁለት ማንኪያ ጣል ይደረግበትና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ጥሩ ሆኖ ከረጋ ደግሞ ጭንቀቱ ያኔ ይጀምራል፤ መብራት ከጠፋ ይኮመጥጣል፣ ካልተሸጠ ይደፋል። ረቡዕና ዓርብ ደንበኛ የለም። ሁዳዴ ሲገባማ ፍሪጁን ነቅዬ ሻይና ሳንቡሳ ነው የምሸጠው። ራቫሎማናና ሁዳዴ የለበትም፤ በዚህ በዚህስ እቀናበታለሁ።

እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው “እስቲ ነገ እናየዋለን” ማለት አይችልም። ዛሬ ይወሰናል፣ ዛሬ ይሸጣል። የሰውየውን የፖለቲካ ሕይወት ስከታተል ይህ ጥድፊያ ከላዩ ላይ አልለቀቀም ብዬ ነው የማምነው።

በ1999 የአንታናናሪቮ ከንቲባ ሆነ። ቆሻሻው ተነሳ፣ ከተማዋ ጸዳች፣ ስሙ ገነነ። በታኅሣሥ 2001 አገሪቱን ለረጅም ዓመታት የመሩትን ዲዲየ ራትሲራካን ለመጣል ለፕሬዚዳንትነት ቀረበ። ለቅስቀሳ የያዘው ጥቅስ ከማርቆስ ወንጌል ነበር፤ “እመን ብቻ እንጂ አትፍራ”። የመንግሥት ቆጠራ ለእሱ 46፣ ለራትሲራካ 41 በመቶ ገደማ ሰጠና ሁለተኛ ዙር ይደረግ ተባለ። እሱ ደግሞ ከግማሽ በላይ አግኝቻለሁ፣ ምን ሁለተኛ ዙር አለው አለ። ሕዝቡ አደባባዩን ሞላው፣ ሥራ ቆመ፤ ፍርድ ቤት ሳይጠብቅም የካቲት 22 ቀን 2002 ራሱን ፕሬዚዳንት ብሎ አወጀ። ራትሲራካ ወደብ ወዳለባት ወደ ቶአማሲና ወርደው መንግሥታቸውን እዚያ ተከሉ። ወደ ዋና ከተማዋ የሚወስዱ መንገዶች ተዘጉ፣ ድልድዮች ፈረሱ፣ ነዳጅ ጠፋ። አንድ አገር፣ ሁለት ፕሬዚዳንት። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ድምፁን እንደገና ቆጥሮ 51.46 በመቶ አለና ግንቦት 6 ቃለ መሐላ ፈጸመ። የአፍሪካ ኅብረት ግን ዓይኑን ጨፍኖ አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ኅብረቱ ደርባን ላይ በይፋ ሲመሠረት የማዳጋስካር ወንበር ባዶ ነበር።

ሥልጣን ላይ ሲወጣ ሠርቷል፤ ይህን የሚክድ የለም። መንገድ አሠራ። የቅኝ ግዛት ዘመን ቅሪት የነበረውን ፍራንክ አስቀርቶ አሪያሪ የሚባለውን የራሳቸውን ገንዘብ አስገባ። ባለሀብት ከውጭ ጠራ። በ2006 ምርጫ ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝቶ ያለ ሁለተኛ ዙር አለፈ።

እኔን የሚቆረቁረኝ ሱቁ ነው። ሱቁን አልዘጋም፣ አላስረከበም። ቲኮ እሱ ቤተ መንግሥት ከገባም በኋላ ወተቱንም ዘይቱንም ጭማቂውንም ማምረቱን ቀጠለ፤ ማግሮ የሚባሉ የጅምላ መደብሮች ነበሩት፤ የራሱ ቴሌቪዥንም ነበረው። እስቲ በእኔ ቦታ ሁናችሁ አስቡት። ከመንገዱ ማዶ ያለው እርጎ ሻጭ ነገ ተነስቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሆን፣ ሱቁም ክፍት ሆኖ ቢቀጥል፣ የንግድ ፈቃዴን ለማሳደስ ወረዳ ስሄድ የማገኛቸው ሰዎች አለቃ ማን ነው? ቀረጥ ከፍ ዝቅ ሲል አስቀድሞ የሚሰማው ማን ነው? ሰውየው ጨዋ ቢሆን እንኳ የወረዳው ጸሐፊ ሳይታዘዝ ያሽቃብጥለታል። የአገሬው ነጋዴም ያጉረመረመው በዚሁ ነበር።

በ2008 ነገሮች ተደራረቡ። ዴዉ ለተባለው የኮሪያ ኩባንያ 1.3 ሚሊዮን ሄክታር መሬት በሊዝ ሊሰጥ ነው ተባለ፤ ለበቆሎና ለፓልም ዘይት። መሬት የአያት የቅድመ አያት መቃብር በሆነበት አገር! 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የፕሬዚዳንት አውሮፕላን ተገዛ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ቪቫ የሚባለውን ቴሌቪዥን ዘጋ፤ የስደተኛውን የራትሲራካን ቃለ ምልልስ አስተላለፈ ተብሎ ነው። የቪቫ ባለቤት አንድሪ ራጆሊና ነው፤ ዲጄ የነበረ፣ የማስታወቂያ ነጋዴ፣ ያኔ የአንታናናሪቮ ከንቲባ። ማለትም ራቫሎማናና ያኔ ራሱ በወጣበት መሰላል ላይ አንድ ወጣት ነጋዴ ከሥሩ እየወጣ ነበር።

ጥር 26 ቀን 2009 ሕዝቡ ወጣ። የመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተቃጠለ፤ የፕሬዚዳንቱ የግል ጣቢያና የማግሮ መደብሮችም አልተረፉም። እዚያ ዘመድ የነበረው አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ ኅብረቱ ውስጥ የሚሠራ የማዳጋስካር ሰው፣ ሙሴ ነበር የምለው። የእኔን እርጎ ስኳር እየከመረበት ይበላና “ልጆቼ ያደጉት በቲኮ ነው” ይለኝ ነበር። ስለዚያ ቀን ሲያወራ ድምፁ ይቀንሳል። የእህቱ ጎረቤቶች የዘይት ጀሪካን በትከሻቸው ተሸክመው ሲገቡ፣ እህቱ በመስኮት እያየች ስልክ ደውላለት ነበር። “ደግ ሰዎች ናቸው፣ በሰርግ በለቅሶ አብረን የኖርን” አለኝ። ንዴታቸው በመንግሥት ላይ ነበር፤ መንግሥትንና ሱቁን ግን ማን ይለይላቸው?

የካቲት 7 ጠባቂዎች በቤተ መንግሥት ደጃፍ በሰልፈኞች ላይ ተኮሱ፤ ብዙ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ወታደሩም ከዳው። መጋቢት 17 ሥልጣኑን ለጦሩ አስረክቦ ወጣ፣ ጦሩም ለራጆሊና ሰጠ። ከቀናት በኋላ ኅብረቱ ማዳጋስካርን አገደ፤ በዚያ ዓመት እዚያ ሊካሄድ የነበረው የመሪዎች ጉባኤም ወደ ሊቢያ፣ ሲርት ሄደ።

ነገሩ እኛ ሰፈር ድረስ መጣ። በኅዳር 2009 አራቱ ባላንጣዎች፣ ራቫሎማናና፣ ራጆሊና፣ ራትሲራካና ሌላው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ዛፊ፣ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠው ሥልጣን ለመካፈል ፈረሙ። ራጆሊና የሽግግሩ ፕሬዚዳንት ሆኖ ይቀጥል፣ ከጎኑ ሁለት ተባባሪ ፕሬዚዳንቶች ይኑሩ ነበር ስምምነቱ። ሙሴ ያን ሰሞን ሻይ ሳይጠጣ በሱቄ በር ሽው እያለ ያልፋል። “አስማሙልን እንግዲህ፣ አስታራቂ ሽማግሌ አገራችሁ ሞልቷል አይደል?” ብሎኝ ሣቀ። ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ተበላሸ። እኛ ሰፈር ውስጥ የዕድር ሂሳብ ያጣላቸውን ሰዎች ማስታረቅ እንኳ ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅም ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። ራቫሎማናና ደቡብ አፍሪካ ተሰደደ፣ በሌለበት ተፈረደበት፣ በ2014 ሲመለስ ተያዘ፣ በማግስቱ ዓመት ተለቀቀ። ባለቤቱ የአንታናናሪቮ ከንቲባ ሆነች። በ2018 ከራጆሊና ጋር ፊት ለፊት ገጥሞ 44 ለ56 ገደማ ተሸነፈ። በጥቅምት 2025 ደግሞ በ2009 ራጆሊናን ወደ ሥልጣን የገፋው ያው የጦር ክፍል ራሱን ራጆሊናን አወረደው፤ ኅብረቱም አገሪቱን እንደገና አገደ።

ታናሽ ወንድሜ ይህን ሁሉ ስነግረው አይረታም። “እትዬ፣ መንገዱን ሠርቷል ወይስ አልሠራም?” ይለኛል። ሠርቷል። “ሥራ የፈጠረ ሰው ነው ወይስ አይደለም?” ነው። “ታዲያ ሱቁን ለምን ይዝጋ? አንቺ ብትመረጪ ትዘጊ ነበር?”

እዘጋ ነበር፤ ቢያንስ ቁልፉን ለማላውቀው ሰው አስረክብ ነበር አልኩት። ፍሪጁን፣ የሱሉልታውን ሰውዬ ስልክ፣ የዱቤ ደብተሩንም ጭምር። “ማን ያምንሻል?” ብሎ ሂሳቡን ሳይከፍል ወጣ።