የተደፋው ጣሳ

ትናንት አፈርኩ። ከአዘዞ ስመለስ ውሃ ጥም ሊገድለኝ ደርሶ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ካለ ሰፈር ውስጥ አጥር ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ አየሁ። ጎንደር ያደገ ሰው ያንን አይቶ «ጠላ አለ» ብሎ ነው የሚያነበው፣ ፊደል መቁጠር እንኳን አያስፈልገውም። ዘው ብዬ ገባሁ። መደቡ ላይ ቁጭ አልኩና «እማማ፣ እስቲ አንድ ጠላ» አልኳቸው። ሽሮ እያማሰሉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ጣሳውን እኮ አጥቤ እንዲደርቅ ነው የሰቀልኩት።»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ሳቃቸው አላቆም ብሎ «ቡና ሳትጠጣ አትወጣም» አሉኝ።

ቡናው እስኪፈላ ድረስ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለፈተና ብቻ ያጠናሁት ፈርዲናንድ ደ ሶሱር ትዝ አለኝ። ስዊዘርላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ፣ በ1913 ሞቶ ተማሪዎቹ ከያዙት ማስታወሻ ባልደረቦቹ አሰናድተው በ1916 መጽሐፍ ያወጡለት (ሁለቱም በፈረንጅ ነው)። ቃል ሁለት ፊት አለው ይላል፦ ድምፁ እና በሐሳባችን የሚመጣው ነገር። ሁለቱን ያገናኛቸው ልማድ እንጂ ተፈጥሮ አይደለም። እውነቱን ነው፣ «ድመት» የሚለው ቃል ጭራ የለውም። ጣሳ ግን ከጠላ ጋር ይተዋወቃል እኮ፣ የምንጠጣበት እሱ ነው! ቢሆንም አሳሳተኝ። እንጨት ላይ ሲደፋ «ግቡ» ማለት የሆነው ሰፈርተኛው ስለተስማማበት ነው፣ እማማ ደግሞ ያን ሰዓት የፈለጉት ደረቅ ጣሳ ብቻ ነበር።

ማታ ይህን ስጽፍ ሌላ ነገር አሳቀኝ። ክቧ «ዐ» የግዕዝ ስሟ ዐይን ነው፣ ድሮ ድሮ መነሻዋም የዐይን ሥዕል ነበር። «አ» ደግሞ አልፍ ነው፣ እሱ የመጣው ከበሬ ራስ ነው። «መ» ማይ ይባላል፣ ውሃ ማለት ነው። የኔታ ዘንድ ሀሁ ስንል ይህን ማንም አልነገረን፣ ብቻ መቆንጠጥ ነበር። አሁን ስልክ ላይ ስንጽፍ ሁላችንም «አይን» ብለን እናልፋለን። ዐይናችንን በበሬ ራስ እንጀምራለን ማለት ነው፣ ደግሞ ማንም አይሳሳትም። እኔም ብሆን ካልተጠነቀቅኩ እንደዚያው ነኝ።

ዛሬ ጠዋት በዚያው በር አለፍኩ። ጣሳው ወርዷል፣ አጥሩ ላይ ነጠላ ተሰጥቷል። ምንም ሳላነብ መንገዴን ቀጠልኩ።