ለማላውቀው ሰው ለቅሶ የደረስኩ ዕለት

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጣጣው ሁሉ የጀመረው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ነው።

ፓሪስ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሐምሌ ወደ ፍራንክፈርት ደወለችልኝ። «አርብና ሰኞን ፈቃድ ውሰድ። የሏርን ወንዝ ተከትለን በሳይክል እንሄዳለን። መኪና የለም። እስከ ብሏ በባቡር፣ ከዚያ በፔዳል» አለችኝ። ቀጥላም «ትችላለህ ግን?» አለች። ይቺ ናት የነካችኝ።

«እኔን ነው? እኔ እኮ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ! እኛ ሰፈር ሰው መራመድ የሚማረው ሳይክል መንዳት ከቻለ በኋላ ነው» አልኳት።

ያልነገርኳት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ባሕር ዳር እንደ እንጀራ ምጣድ ለጥ ያለች ሜዳ ናት። ሁለተኛ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሳይክል ላይ የወጣሁት አሥረኛ ክፍል ሆኜ ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ቦርጬ ራሱ አሥረኛ ክፍል ሊገባ ምንም አልቀረው።

ካርታውን ሳይ ደግሞ ልቤ ይበልጥ አበጠ። ሏር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ፈረንሳይ ውስጥ አቻ የሌለው ወንዝ ነው። ለብስክሌት ተብሎ ምልክት የተተከለለት መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ አብሮት እየሄደ አትላንቲክ ድረስ ይሸኘዋል። እኛ የምንነዳው ከብሏ እስከ ሶሙር ያለችውን ቁራጭ ነው። ዞር ዞር ማለቱ ሳይቆጠር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ወንዝ ወደ ታች ነው የሚፈሰው። እኛም የምንሄደው ወንዙ ወደሚሄድበት ነው። ስለዚህ መንገዱ በሙሉ ቁልቁለት ነው! ይህን ሂሳብ ለአክስቴ ልጅ ስነግራት ዝም አለች። ዝምታዋ አድናቆት መስሎኝ ነበር።

ነፋስን ረስቻለሁ። እዚያ አገር ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከምዕራብ፣ ከባሕሩ በኩል ነው። እኛ ደግሞ የምንሄደው ወደ ምዕራብ። ነገሩ የገባቸው ሰዎች ከባሕሩ ጀምረው ነፋሱን በጀርባቸው አድርገው ይመጣሉ። ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ጡረተኞች እያፏጩ ሽው ብለው ሲያልፉን፣ እኔ በሙሉ ኃይሌ ፔዳል እየረገጥኩ ከአንዲት የባሕር ዛፍ ከምትመስል ዛፍ መላቀቅ አቅቶኛል።

ሁሉም ደግሞ «ቦንዡር!» ይላሉ። ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ቦንዡር ሳይሉ ሱቅ መግባት ነውር ነው። ዳቦ ሻጯ አይታ እንዳላየ ትሆናለች። መንገድ ላይም እንደዚያው። በሰላምታ የሚበልጠን የለም ብዬ ጎንበስ እያልኩ፣ በሙሉ ድምፅ መለስኩ። መቶኛው ሰላምታ አካባቢ ስንደርስ ትንፋሼ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለፉን ሰዎች ያገኙት «ቦን…» ብቻ ነው።

አርብ ከሰዓት ሻምቦር ገባን። ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ በ1519 ያስጀመረው ቤተ መንግሥት ነው (ዓመቱ የፈረንጅ ነው፣ ሌሎቹም እንዲሁ)። 440 ክፍል አለው። ለአደን ሲወጣ ማረፊያ እንዲሆነው ነው አሉ። መሐሉ ላይ ያለው ደረጃ እንደ ሹሩባ የተገመደ ነው። ሁለት ደረጃዎች እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ። አንዱ ሰው በአንደኛው ሲወጣ ሌላው በሁለተኛው ቢወርድ በክፍተቶቹ ይተያያሉ እንጂ አይገናኙም። የአክስቴ ልጅ ምግባችን ያለበትን ቦርሳ ይዛ በአንደኛው ወጣች። እኔ የተከተልኳት በሌላኛው ነው። «ቆይ፣ እዚያው ቁሚ!» ስላት አዝናልኝ ትወርዳለች። እሷ ስትወርድ እኔ እወጣለሁ። ሳንዱዊቹ አራት ጊዜ በመስኮት አለፈኝ።

ቅዳሜ ደግሞ የቁምጣው ነገር መጣ። ኮርቻ ላይ ለሚውል ሰው መቀመጫው ላይ ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ገዝቻለሁ። ከሥሩ የውስጥ ሱሪ እንደማይለበስ ግን የነገረኝ የለም። አምቧዝ ስንደርስ ያቺ ስፌት ምን እንደሠራችኝ ለሐኪም ካልሆነ አይነገርም። አምቧዝ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1519 ያረፈባት ከተማ ናት። ከጣልያን ተራሮቹን አቋርጦ በበቅሎ መጣ ይባላል። ጎብኚው ሁሉ ስለ ሥዕሎቹ ያወራል። እኔ ሳስብ የነበረው ስለ በቅሎዋ ኮርቻ ነው። ማታ እራቴን ቆሜ በላሁ። አስተናጋጁ የቸኮልኩ መስሎት ሂሳቡን ከሾርባው ጋር አመጣልኝ።

ስለ እሑድ ብዙ አላወራም። የቱርን ከተማ አልፈን ቪላንድሪ ደረስን። አትክልቱ ለጌጥ የተተከለበት ዝነኛ ግቢ አለ። ጎመኑ እንደ ጥልፍ ተደርድሮ፣ በአጭር አጥር ተከብቦ ይታያል። እኔ ጎመን ለጌጥ የሚሆነው ከጠገቡ በኋላ ነው ባይ ነኝ። ምሳ አልበላንም ነበር። እዚያ ገጠር ምሳ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው። እኛ ምግብ ቤቱ በር ላይ የደረስነው 8 ከ20 ላይ ሲሆን፣ ባለቤቱ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ አሳየንና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። እስከ 9 ሰዓት ጾሜ ያደግኩ ሰው ነኝ። ግን ያኔ ሳይክል ላይ ሆኜ አልነበረም።

እንግዲህ ሰኞ መጣ። ሰኞ ብዙ የፈረንሳይ መንደር ይዘጋል።

የዩሴን ቤተ መንግሥት አልፈን ካንድ ሳን ማርታን ሳንደርስ ያለች አንዲት መንደር ገባን። ስሟን አልጠራም፣ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። ነጫጭ የድንጋይ ቤቶች፣ መስኮት ላይ ቀይ አበባ፣ ግንብ ላይ የተኛች ድመት። ሰው የሚባል የለም። ካፌው ዝግ፣ ዳቦ ቤቱም ዝግ። ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ግን ባጌት የሚሸጥ ማሽን ቆሟል። ሳንቲም ስታጎርሰው ዳቦ ይተፋል። የኔን ሳንቲም ጎረሰ። አላመጠ። ዝም አለ። በጥፊ ብመታውም ንቅንቅ አላለም። ኮዳዬን ዘቀዘቅኩት፣ ጠብ የሚል ውሃ የለም።

«መቃብር እንሂድ» አለችኝ የአክስቴ ልጅ።

«ገና ነኝ» አልኳት።

«ውሃ ልንቀዳ ነዋ! አበባ የሚያጠጡበት ቧንቧ አለ። ሳይክል የሚነዳ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው። አይጠጣም የሚል ጽሑፍ ካላየህ ቅዳ።» እሷ ሳይክሎቹን ልትጠብቅ በር ላይ ቀረች።

ሄልሜቴን አውልቄ፣ አማትቤ ገባሁ። ቧንቧው ጥግ ላይ ነው። የሚከለክል ጽሑፍ የለም። ቶሎ ብዬ ሳልጠጣ ኮዳዬን ሞላሁና ዞርኩ። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ባቴ ድንገት ቋጠሮ ሆነ። የያዘው ሰው ያውቀዋል፣ እግርህን ከውስጥ ሆኖ የሚጠመዝዝ ሰው ያለ ይመስላል። አጠገቤ ያገኘሁትን የመቃብር ድንጋይ በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ግንባሬን ድንጋዩ ላይ ደፍቼ «ወይኔ! ወይኔ እናቴ!» አልኩ። ላቤ በአፍንጫዬ ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል።

ትከሻዬ ላይ እጅ አረፈ።

ቀና ስል ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው እናት ናቸው። በአንድ እጃቸው አበባ ይዘዋል። በእርጋታ አንድ ነገር ጠየቁኝ። የኔ ፈረንሳይኛ ቦንዡር፣ መርሲ (አመሰግናለሁ) እና ዊ (አዎ) ነው። «ዊ» አልኳቸው፣ ቶሎ እንዲሄዱልኝ። አልሄዱም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ረዘም አድርገው ሌላ ነገር ጠየቁኝ። ከመሐሉ አንዲት ቃል ብቻ ገባችኝ። ጅቡቲ።

በዚያ በተራበ ሆዴ የጎረቤታችንን ስም ስሰማ እንዴት ደስ አይለኝ! «ዊ፣ ዊ! ጅቡቲ! ድሬዳዋ! ለገሃር!» አልኳቸው። ፈረንሳዮች ከጅቡቲ የዘረጉት ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ አብሮ የገባ ቃል ነው፣ ለገሃር። ባቡር ጣቢያ ማለት በነሱ ቋንቋ። ቋንቋቸውን መለስኩላቸው እንጂ ምን አጠፋሁ?

እማማ ለገሃርን ሲሰሙ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

አንዲት እናት አጠገብህ ቆመው ሲያለቅሱ ምን ታደርጋለህ? እኔም አለቀስኩ። ግማሹ ለርሳቸው ነው፣ ግማሹ ለባቴ። «እግዜር ያጥናዎት፣ እማማ» አልኩ በአማርኛ። የገባቸው ይመስል አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ኮዳዬን ከእጄ ወሰዱ። የሚጠጡ መስሎኝ ነበር። ቀስ አድርገው መቃብሩ ላይ ያለው አበባ ውስጥ አፈሰሱት። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ። ከዚያም ባዶውን መልሰው ሰጡኝና ወደ ቧንቧው አመለከቱኝ። እያነከስኩ ሄጄ ሞላሁ። እሱንም አፈሰሱት። ሦስተኛውን ስሞላ ቧንቧው ሥር ሆኜ በድብቅ ጉንጬን ሞላሁ። ስመለስ አንድ ነገር ሲጠይቁኝ አፌ በውሃ ተወጥሯል። ዝምታዬ የሐዘን ብርታት መስሏቸው ጉንጬን ዳበሱኝ።

የአክስቴ ልጅ ሆዷን ይዛ የደረሰችው ያኔ ነው። ከበሩ ላይ ሆና ሁሉንም አይታለች። ተነጋገሩ። ለካ መቃብሩ የባለቤታቸው ነው። ሰውዬው በወጣትነታቸው ለውትድርና ጅቡቲ ተልከው ነበር። ስለዚያ ባቡር እስኪያረጁ ድረስ ያወሩ ነበር። እማማ የጠየቁኝ «ታውቀዋለህ?» ብለው ነው፣ «ዊ» አልኩ። «የጅቡቲ ወዳጁ ልጅ ነህ?» ብለው ነው፣ «ዊ፣ ለገሃር» አልኩ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቦታውም ለዚያ የተመቸ ነበር።

እማማ የአክስቴን ልጅ ትርጉም እስከ መጨረሻው በዝምታ ሰሙ። ፊቴን አዩ። ኮዳዬን አዩ። ስፖንጅ ያለውን ቁምጣዬን ረዘም አድርገው አዩት። ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ጉልበታቸው ከዳቸውና የባለቤታቸው መቃብር ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ለባለቤታቸውም በጣታቸው ድንጋዩን ቆርቆር እያደረጉ አንድ ነገር ነገሯቸው።

ከለቅሶ መልስ ሰው ቤት መግባት ደንብ ነው። እኛም እማማ ቤት ገባን። እንቁላል ጠበሱልን፣ ዳቦና የዚያ አገር የፍየል አይብ አቀረቡልን። አይቡ አመድ የተነሰነሰበት፣ እንደ ሻማ ድቡልቡል ያለ ነው። መሐል ለመሐል እንደ ስንደዶ ያለች ቀጭን ጭድ ተሰክታበታለች። ከጣራ የወደቀች መሰለኝ። እንግዳ ነኝና እማማን ላላሳፍር ብዬ አላምጬ ዋጥኳት። አይቡ እንዳይሰበር የምትሰካ ጭድ መሆኗን፣ ማንም እንደማይበላት የሰማሁት ከዋጥኩ በኋላ ነው። እማማ በድጋሚ ወንበር ፈለጉ።

ሲረጋጉ «ከግርማይ አገር ነህ?» አሉኝ። ቢኒያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው የሳይክል ውድድር ላይ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ የወሰደው ኤርትራዊ ነው፣ ገጠሩ ሁሉ ያውቀዋል። «ጎረቤታችን ነው፣ እኔ ከኢትዮጵያ ነኝ» አልኩ። «አ፣ አበበ ቢቂላ!» አሉና እግሬን ዓይተው ጨመሩ። የአክስቴ ልጅ ለመተርጎም ጊዜ ወሰደባት። «ታዲያ ለምን አትሮጥም? ሳይክሉ እኮ አልሆነልህም ነው የሚሉህ» አለችኝ።

ከሰዓት ካንድ ሳን ማርታንን አየን፣ ቪየን የሚባለው ወንዝ ሏር ውስጥ የሚገባባትን። ከዚያ ወደ ሶሙር የሚወስደው ዳገት መጣ። ለቤተ መንግሥቶቹ ነጭ ድንጋይ የተፈለጠበት ገደል ውስጥ ሰዎች ቤት ሠርተው ይኖሩበታል፣ ጭስ ማውጫው ከወይን እርሻው መሐል ብቅ ይላል። ላሊበላን ላየ ሰው ብዙም አይገርምም። ደግሞም ሳይክሌን እየገፋሁ ስለነበር ሁሉንም በደንብ አየሁት።

ሶሙር ባቡር ውስጥ ሳይክሎቹን ሰቅለን ስንቀመጥ ስልኬን ከፈትኩ። እናቴ አሥራ አራት ጊዜ ደውላለች። የአክስቴ ልጅ መቃብር ድንጋይ ላይ ተደፍቼ ስጮህ ያነሳችኝን ፎቶ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ለቃዋለች። ቃል አልጻፈችበትም።

ደወልኩ። «ማነው? ማነው የሞተብን? አትደብቀኝ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል፣ ቡና እየተፈላ ነው!» አለች። ከጀርባዋ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። ሁሉንም ነገርኳት። ቧንቧውን፣ ባቴን፣ ጅቡቲን፣ አይቡን። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለች።

«እና ለማታውቀው ፈረንጅ አራት ቀን ሙሉ በሳይክል ነድተህ ለቅሶ ከደረስክ» አለች፣ «የአጎትህን ለቅሶ በስልክ የደረስከው ምን ሆነህ ነው?»

የአክስቴ ልጅ ፊቷን አዙራ በመስኮቱ ወንዙን ማየት ጀመረች። እሷም የደረሰችው በስልክ ነበር።