ያልዘነበበትን ቀን ማን ይጽፈዋል?

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ በየቀዬአችን የወረደውን ዝናብ እየለካን በምንጽፍበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ «41 ሚሊ ሜትር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አደረ» የሚል መልእክት ገባ። ጥቂት ቆይቶ ከሐሙሲት ያለ አንድ አባል «እኛ ዘንድ ጠብም አላለ» ሲል መለሰ፤ ከመራዊ ደግሞ አንዲት እኅት 12 መለካቷን ጻፈች። ከዚያ ወዲያ ወጉ ከቁጥሩ ወደ እርሻው ዞረ። በቆሎ የዘራ ሰው ማዳበሪያውን አሁን ይጨምር ወይስ ዝናቡ እስኪደላደል ይቆይ፣ የዳጉሳው ወቅት አልፏል ወይስ ገና ነው፣ ደመናው ሐሙሲት ሲደርስ ለምን ይበተናል እያሉ እስከ ምሳ ሰዓት ተጨዋወቱ። በዚያ ሁሉ ወግ ውስጥ «ዘላቂ ልማት» የሚለው ሐረግ አንድም ጊዜ አልተነሣም። ይህን እንኳ ልብ ያልኩት ከሰዓት በኋላ ሌላ ነገር ሳነብ ነው።

ያነበብኩት፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ያሉ የዜጎች ሳይንስ ማኅበራትና ፕሮጀክቶች በማኅበራዊ ሚዲያ ገጾቻቸው ስለ ዘላቂ ልማት የሚጽፉትን ነው። እነዚህን ገጾች ለዓመታት ስከታተል ስለቆየሁ መልካቸውን በሚገባ አውቀዋለሁ። የዘላቂ ልማት ግቦች መለያ የሆነው ባለ 17 ቀለሙ ክብ ምልክት ከላይ ይታያል፤ ከሥሩ የዐውደ ጥናት ጥሪ፣ የፕሮጀክት ምዝገባ፣ የእንኳን ደስ ያላችሁ መልእክትና ተርታውን የተሰለፉ ሃሽታጎች ይከተላሉ። የሚወደውና የሚያጋራው ሰው ብዙ ነው፤ የሚጠይቅ ወይም የሚከራከር ግን እምብዛም አይገኝም። አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያ እንጂ ውይይት ሆኖ አላገኘሁትም፤ ይህን የምለው ግን ሥራቸውን ለማናናቅ አይደለም።

የዜጎች ሳይንስ የሚባለው፣ ሙያቸው ሳይንስ ያልሆነ ሰዎች በማስተዋል፣ በመለካትና በመቁጠር በምርምር ሥራ የሚሳተፉበት መንገድ ነው። ስሙ አዲስ ቢመስልም ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 የገና ዕለት፣ ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የአእዋፍ ተመራማሪ በበዓሉ ወፍ የማደን ልማድ ቀርቶ በምትኩ ወፍ እንዲቆጠር ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ፣ 27 ሰዎች በ25 ቦታዎች ወጥተው ቆጠሩ። ያ ቆጠራ ዛሬም አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ኢበርድ የተባለው የወፍ መዝገብም በ2021 ከአንድ ቢሊዮን በላይ ምልከታዎችን ይዞ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦችና 169 ዒላማዎች ደግሞ መለካት አለባቸው፤ ለመለካት መረጃ ያስፈልጋል፤ ብዙ አገሮች ዘንድ ያ መረጃ የለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ጥናት፣ የዜጎች ሳይንስ ግቦቹ ከሚለኩባቸው አመላካቾች ለአንድ ሦስተኛ ያህሉ መረጃ እያዋጣ እንደሆነ ወይም ሊያዋጣ እንደሚችል አሳይቷል። ጋና ከዚህ አልፋ ሠርታበታለች። በጎ ፈቃደኞች በውቅያኖስ ዳርቻ ጽዳት ላይ አንድ በአንድ የቆጠሩትን የፕላስቲክ ቆሻሻ የአገሪቱ የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት ተቀብሎ ስለ ባሕርና ውቅያኖስ ለሚናገረው ለግብ 14 ኦፊሴላዊ ሪፖርት አውሎታል፤ ይህን በማድረግም ጋና ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። እንግዲህ ባለ 17 ቀለሙን ምልክት የሚለጥፉት ሰዎች ያለ ምክንያት አይደለም የሚለጥፉት። እኔን የሚከነክነኝ ማኅበራዊ ሚዲያ ራሱ ምን ዓይነት ነገር እንደሚወድ ነው። ድንቅ ነገርን ይወዳል፤ ምንም ያልሆነበትን ቀን አይወድም። የዘላቂ ልማት ጉዳይ ደግሞ የሚታወቀው በአብዛኛው ምንም ባልሆነባቸው ቀናት ነው።

ከጣና የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እንቦጭ በሐይቁ ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ አገር ጉድ ያለው ደግሞ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ፌስቡክ በእንቦጭ ፎቶ በተጥለቀለቀበት ወቅት ነው። በዚያ ጥቅምት ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» (ጣና የእኛ ነው) ብለው ውኃ ውስጥ ገብተው ሲነቅሉ የታየበት ምስል እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ አዋጥተው ማሽን እስከ መላክ ደረሱ። ያ ሁሉ ንግግር ያለ ፌስቡክ የሚታሰብ አልነበረም፤ የሚያቃልለውም ሰው ተሳስቷል።

ነገር ግን ያን ጊዜ ያስቀመጥኳቸውን ፎቶዎች አሁን ተመልሼ ሳያቸው፣ አብዛኞቹ የት እንደተነሡ አላውቅም። ደንቢያ ይሁን ፎገራ ወይም ሊቦ ከምከም የሚለይ ምልክት የላቸውም፤ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው፣ አረንጓዴ ምንጣፍና ሰማይ ብቻ ናቸው። በአስተያየት መስጫው ሥር አረሙ ስንት ሄክታር እንደሸፈነ ለቀናት ተጨቃጭቀናል። አንዱ የጠራው ቁጥር የሌላውን እጥፍ ነበር፤ ቁጥሩ በየትኛው ወር እንደተለካ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። እንቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ የሚሆን፣ ዘሩም በደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት የሚቆይ አረም ነው። ስለዚህ ከጸዳው ዳርቻ ፎቶ ይልቅ የሚጠቅመው፣ ያው ዳርቻ ከወር በኋላ፣ ከዓመት በኋላ፣ ከዚያው ድንጋይ ላይ ተቁሞ የተነሣ ፎቶ ነበር። እኔም ሄጄ ነቅያለሁ፤ ፎቶም ተነሥቻለሁ፤ ወደዚያው ቦታ ግን አልተመለስኩም።

ስለ ፎቶ ካነሣሁ አይቀር፣ አንድ ጊዜ ከሐይቁ ዳር ያነሣሁትን ተንሳፋፊ አረም እንቦጭ ነው ብዬ ሰዎች ዕፅዋትንና እንስሳትን ከፎቶ በሚለዩበት፣ አይናቹራሊስት በተባለው መድረክ ላይ አስቀመጥኩ። በማግሥቱ የማላውቀው ሰው በትሕትና «ቅጠሉን በጣትዎ ዳስሰውት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አልዳሰስኩትም ነበርና ተመልሼ ሄድኩ። የእንቦጭ ቅጠል ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነው፤ የቅጠሉ አገዳ እንደ ፊኛ ተነፍቶ፣ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይሆናል። የእኔው ግን አገዳ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ቅጠሎቹ እንደ ሰላጣ ከመሐል ተደራርበው የወጡ፣ ቁመታቸውን ተከትሎ የተሰነተሩና እንደ ከፋይ ጨርቅ ጠጉር ያላቸው ነበሩ። ፒስትያ የሚባል ሌላ ተንሳፋፊ አረም ኖሯል። በዚያ መድረክ አንድ ምልከታ ለምርምር ብቁ እንዲባል ቀንና ቦታ ሊኖረው፣ ከለዪዎቹም ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ሊስማሙበት ይገባል፤ ፌስቡክ ላይ ቢሆን ኖሮ በስሕተቴ ላይ የተሰጡኝን «ላይኮች» እየቆጠርኩ እቀር ነበር። ስለ ዘላቂ ልማት ካነበብኳቸው መልእክቶች ሁሉ ያቺን የአንድ መስመር ጥያቄ ያህል የጠቀመኝ የለም።

የችግኝ ተከላውም ከዚህ አይርቅም። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ባለ ጊዜ፣ ገጾቻችን ሁሉ ጉድጓድ ዳር በርከክ ባለ ሰው ፎቶ ተሞሉ። ከእነዚያ ችግኞች የአንዷን እንኳ የሁለተኛ ዓመት ፎቶ የለጠፈ ጓደኛ አላየሁም። ደርቃ ከሆነም እኮ መረጃ ነው፤ የደረቀ ችግኝ ፎቶ ማን ይለጥፋል እንጂ!

ወደ ዝናቡ ቡድን ልመለስ። አባላቱ ጥቂት ናቸው፤ መምህራን፣ አርሶ አደሮች፣ አንድ ሁለት የግብርና ባለሙያዎችና እንደ እኔ ያለ ወሬ ወዳድ። መለኪያው ሚሊ ሜትር የተጻፈበት የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ከቤትና ከዛፍ ራቅ ብሎ እንጨት ላይ ይታሰራል፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይነበብና ይደፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው፤ ይህን ለሰው ስነግር ብዙዎች ያን ጊዜ ነው ቁጥሩ የሚገባቸው።

አንድ የካቲት ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ከአንድ አባል 60 ሚሊ ሜትር የሚል ንባብ ደረሰ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጎረቤቶቹ ተነሡበት፤ «ወንድሜ፣ አንተ ቤት ላይ ብቻ ነው እንዴ የዘነበው?» አሉት። ነገሩ ሲጣራ የአምስት ዓመት ልጁ መለኪያው የጠማው መስሎት ውኃ አጠጥቶት ኖሯል። ሳቅንና ንባቡን ሰረዝነው። በምርምር ቋንቋ ይህ የመረጃ ጥራት ቁጥጥር ይባላል፤ እኛ ግን ስም ሳንሰጠው እንሠራዋለን።

ይህ የእኛ ብቻ ወግ እንዳይመስል፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በዳንግላ ወረዳ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከነዋሪዎች ጋር ያቋቋሙትን ክትትል ማስታወስ ይገባል። ነዋሪዎቹ ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውኃ ጥልቀት ራሳቸው ይለኩ ነበር። በ2016 የታተመው ጥናት ልኬታቸው ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ ጋር የሚተካከል፣ ከሳተላይት ግምቶችም የተሻለ ሆኖ መገኘቱን ዘግቧል። ጥናቱን ለቡድናችን ባካፈልኩ ጊዜ ከሁሉ በላይ የተወራው ግን መለኪያውን የሚያነቡት ሰዎች ሲታመሙ ወይም ልቅሶ ሲሄዱ ማን ይተካቸዋል የሚለው ነበር።

በቡድኑ ውስጥ ጋሼ የምንላቸው አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ። ባልዘነበበት ቀን ሁሉ «0.0» ብለው ይጽፋሉ። ከኅዳር እስከ የካቲት በየቀኑ፣ ሳይታክቱ፣ «0.0»። ወጣቶቹ መጀመሪያ ላይ ቀለዱባቸው፤ አንዱማ «ጋሼ፣ ሰማዩ ለእኛም ይታየናል» አላቸው። እርሳቸው ግን ነገሩን ከማናችንም በፊት ተረድተውታል፤ ምንም ካልተጻፈ፣ አልዘነበም ማለት ይሁን ወይስ ለኪው ሳይነሣ ቀርቶ፣ በኋላ የሚያነበው ሰው ሊለየው አይችልም። ኢበርድም ዝርዝር ለሚያስገባ ሰው፣ ለይቶ ያወቃቸውን ወፎች በሙሉ መዝግቦ እንደሆነ መጨረሻ ላይ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ አዎን ካለ፣ ያልጻፈው ወፍ አልታየም ተብሎ ይቆጠራል። በእኔ ግምት የዜጎች ሳይንስ ከማኅበራዊ ሚዲያ ጋር የማይስማማበት ትልቁ ነጥብ ይህ ነው፤ «ዛሬም ምንም የለም» የሚል መልእክት ማንም አያጋራም።

ሁሉን ገልጦ መጻፍም ሁልጊዜ ደግ አይደለም። አደጋ ላይ ያለ ወፍ ጎጆ የሠራበትን ቦታ በይፋ የለጠፈ ሰው መንገዱን ለአዳኝም እያሳየ ነው፤ አይናቹራሊስት የእነዚህን ዝርያዎች ትክክለኛ ቦታ የሚሰውረው ለዚህ ነው። የቴሌግራም ቡድን ግን የላኩትን እንዳለ ያሳያል።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቡድናችን ለወራት ዝም አለ። ግንኙነቱ ሲመለስ መጀመሪያ የገባው የጋሼ መልእክት ነበር፤ መልእክቱ የደብተር ገጾች ፎቶ ነው። ባለ መስመር ደብተር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቀን በግራ ቁጥር በቀኝ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል። ከገጾቹ በአንዱ ላይ የቡና ስኒ ክብ አርፎበታል። የክረምቱ ቁጥሮች ሁሉ ነበሩበት፤ ዜሮዎቹም ነበሩበት። የእኔ መዝገብ ግን ኢንተርኔቱ በተቋረጠበት ቀን ቆሟል፤ የሚያየው ሰው ከሌለ መለካቱ ትርጉም ያጣ መስሎኝ መሆን አለበት። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ስለ ዜጎች ሳይንስ ውይይት የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም ጣጣቸው ከዚህ ብዙም አይለይም። የዜጎች ሳይንስ ሰዎች ምን እንደሚሉ ለማወቅ ብዙ ጊዜ የሚቃኘው ትዊተር ነበር፤ በቀላሉ የሚሰበሰበው የእርሱ መረጃ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2023 ተመራማሪዎች ያን መረጃ በነፃ የሚወስዱበት በር ተዘጋ። ቀድሞም ቢሆን ግን በዚያ መረብ የሚገባው በሃሽታግና በእንግሊዝኛ የተጻፈው ነው። ከመራዊና ከሐሙሲት በአማርኛ የሚጻፍ፣ ስለ ዳጉሳና ስለ ደመና የሚያወራ፣ ግብ 2ን (ረኃብን ማጥፋት)፣ ግብ 6ን (ንጹሕ ውኃ) እና ግብ 13ን (የአየር ንብረት) አንድ ላይ እያነሣ የአንዱንም ስም የማይጠራ ወግ በየትኛው ቆጠራ ውስጥ ይገባል? ለጊዜው በጋሼ ደብተር ውስጥ ብቻ ነው ያለው።

ባለፈው ሳምንት ከወጣቶቹ አንዱ፣ ያው ስለ ሰማዩ የቀለደው፣ «ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት ከመስከረም 10 በኋላ ስንት ቀን ሳይዘንብ ቆየ? ሽምብራ ልዘራ አስቤ ነው» ብሎ ጠየቃቸው። ጋሼ ወዲያው አልመለሱም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የደብተሩን ገጽ ፎቶ ላኩለት፤ ከሥሩም «ዜሮዎቹን ራስህ ቁጠራቸው፣ የኔ ልጅ፤ መነጽሬን አላገኘሁትም» ብለው ጻፉ።