ራምፑን ሠርተን ሽንት ቤቱን ረሳነው

ራምፑ፣ ማለትም ዊልቸር ወደ በረንዳው የሚወጣበት ተዳፋት፣ ያለቀ ቀን ፎቶ ተነሣን። እኔ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ የወላጅ ኮሚቴው፣ ግንበኛው ሳይቀር። አምስተኛ ክፍል የማስተምራት አንዲት ልጅ በዊልቸር ነው የምትመጣው። እስከዚያ ቀን በረንዳው ላይ የሚያወጧት ጓደኞቿ ነበሩ፣ ተሸክመው። ሥልጠና ላይ ስለ አካቶ ትምህርት (አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብረው ስለሚማሩበት) የሰማሁት ሁሉ በዚያ ሲሚንቶ የተፈጸመ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ልጅቷ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ደግነቱ ከኋላ የነበረችው ጓደኛዋ ያዘቻት። በረንዳው 40 ሳንቲሜትር ከፍታ አለው። የኛ ራምፕ ርዝመቱ 2 ሜትር። ኋላ ስጠይቅ የተለመደው ልክ 1 ለ 12 ነው፣ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው፤ ለኛ በረንዳ 4 ሜትር ከ80 ያስፈልገው ነበር። ግንበኛው «ቲቸር፣ ግቢውን ሊጨርሰው እኮ ነው» አለኝ። በመጨረሻ ከበረንዳው ጎን፣ ግድግዳውን አስጠግተን አዲስ ሠራን።

ይሄኛው ስህተት ቢያንስ በዓይን ይታያል። ሌላው አይታይም ነበር።

ልጅቷ በእረፍት ሰዓት ከክፍል አትወጣም። ዓይን አፋር ናት ብዬ ተውኳት። 4 ሰዓት ገደማ ራሷን ያማታል፤ ፀሐዩ ነው እላለሁ። አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ጠዋት ውኃ አልጠጣም፣ ቲቸር» አለችኝ።

የሽንት ቤቱ በር ዊልቸሩን አያስገባም። ስለዚህ ከቤት ስትወጣ ጀምሮ እስክትመለስ ትታገሣለች። እኔ ራሴ ሴት ሆኜ ይህ እንዴት አልታየኝም? ሜትር ይዤ ሄድኩ። በሩ 65 ሳንቲሜትር፣ ዊልቸሩ 68። በ3 ሳንቲሜትር ምክንያት ነው ልጅቷ ስትጠማ የከረመችው።

በሩን 90 አደረግነው፤ ወደ ውጭ እንዲከፈትም ገለበጥነው። ከውስጥ ይዛ የምትነሣበት ብረት ተበየደ። ወጪው ከራምፑ ያነሰ ነው። ፎቶ ግን ማንም አልተነሣም።

ክፍል ውስጥ ያለው ቀላል ነበር። አንድ ዴስክ አውጥተን መተላለፊያውን አሰፋን። መጀመሪያ በሩ አጠገብ ለብቻዋ አስቀምጫት ነበር፣ ይመቻታል ብዬ። እሷ የፈለገችው ሦስተኛው ረድፍ፣ ጓደኛዋ ጎን ነው። ይህንንም ያወቅኩት ስጠይቃት ነው።

የመጀመሪያው ራምፕ አልፈረሰም። ልጆቹ ሸርተቴ ይጫወቱበታል፤ ለዚያ ቁልቁለቱ ልክ ነው።